ነጠላ የዘቀዘቁ አሻንጉሊቶች

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ! ይህን ተረት በቡታጅራ ከተማ የሰፍያን ያህል ከልቡ ያመነበት ነጋዴ አልነበረም። የሚያስቀው ግን እሷ ራሷ አንድም ቀን ጥምቀት ወጥታ አለማወቋ ነው። የመስቃን እስላም ናት፤ አባቷ ከቆሼ በርበሬ እያመጡ ሲነግዱ ያሳደጓት። ሱቅ ስትከፍት መጀመሪያ የያዘችው ሻሽ፣ ጅልባብና የልጆች ጫማ ነበር። የሐበሻ ቀሚስ ውስጥ የገባችው አንዲት ደንበኛዋ ለልጇ ምርቃት ከአዲስ አበባ ቀሚስ እንድታመጣላት አደራ ብላ ሽሮ ሜዳ ስለላከቻት ነው። ሽሮ ሜዳ ደግሞ እጅን አጣጥፈው የሚወጡበት ቦታ አይደለም። አንድ ልትገዛ ሄዳ ሦስት ይዛ ተመለሰች፤ ሦስቱም ሳያድሩ ተሸጡ፤ ከዚያ ወዲያ እጇ ከፈትል ላይ አልተነሳም።

ባሏ ሳላሀዲን የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ቀልድ ካላወራ ምሳ የማይወርድለት ዓይነት ሰው። «አንቺ ሴትዮ፣ የቄስ ሚስት ሆነሽ ልትቀሪ ነው እንዴ?» ይላታል።

«ፀጉር የሚያስተካክልህ ኢስሀቅ ራሰ በራ አይደል?» ትለዋለች። «የምትለብሽውን ብቻ ሽጪ ካልከኝማ ለሱም ንገረው።»

በ2006 ዓ.ም. ገና እንዳለፈ ጅልባቡን ሁሉ ለእህቷ ለመሕቡባ አስረከበችና ሱቋን ከወለል እስከ ጣሪያ በጥምቀት ቀሚስ ሞላችው። ነገሩ ቁርጥ ነበር፤ ጥምቀት ከከዳት ሱቁ መዘጋቱ ነው። መርካቶ ወርዳም ልብስ የሚያሳዩ ሦስት አሻንጉሊቶች ገዛች፤ እንደ ሰው የቆሙ፣ ዓይንና አፍንጫ ያልተሠራላቸው፣ ፊታቸው እንደ እንቁላል ልሙጥ የሆነ። መካከለኛዋን ቀይ ጥለት ያለው ቀሚስ አለበሰቻትና ነጠላውን አነሳች።

ሰፍያ ነጠላ ለብሳ አታውቅም። ሲለበስ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አይታለች፤ ያውም ከሩቅ ሳይሆን ጫፉን ይዛ እያቀበለች። ስለዚህ አላመነታችም። ጥለቱን ወደ ላይ አደረገችና በአሻንጉሊቷ አንገት ዙሪያ አዙራ፣ ትከሻዋ ላይ ደልደል አድርጋ አለበሰቻት። ራቅ ብላ አየቻት፤ አማረባት። ደግሞም ቢያስቡት ልክ ነው። ያን ያህል የተለፋበት ቀለም ከፊት አጠገብ ይታይ እንጂ ታች ወርዶ የቡታጅራ ጭቃ ላይ ምን ይሠራል?

ነጠላ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ እጁን አፉ ላይ ይጭናል። ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ አንገት ላይ የሚሆነው ነጠላ ሲዘቀዘቅ ነው፤ ነጠላ የሚዘቀዘቀው ደግሞ ሰው ሲሞት ነው። ሰፍያ ይህን ማንም ነግሯት አያውቅም። ከተማው ውስጥ አንዷ ሴት እንዲህ፣ ሌላዋ እንዲያ አድርጋ ስትሄድ አይታ ይሆናል፤ ግን ሻሽም እኮ እያንዳንዷ እንዳማራት ነው የምታስረው።

በማግስቱ ሴቶች ሱቋ ፊት እየቆሙ ያዩ ጀመር። ያያሉ፣ ይንሾካሾካሉ፣ ይሄዳሉ። ሰፍያ ደስ አላት፤ ወደዱት ማለት ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን የቀሩትን ሁለቱን አሻንጉሊቶችም እንደ መጀመሪያዋ አድርጋ አለበሰቻቸውና ሦስቱንም በር ላይ ደረደረቻቸው። ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በቡታጅራ አስፋልት ዳር፣ ሦስት ለቀስተኞች ተሰልፈው ቆሙ።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ የሺመቤት መጡ። አስተማሪ ናቸው፣ ከመንዝ መጥተው እዚህ የከረሙ፣ የማርያም ማኅበር ሰብሳቢ፣ ቁጣቸውም ምርቃታቸውም የማያልቅ ሴት። ደፍ ላይ እንደቆሙ፣

«ማን ሞቶብሽ ነው?» አሏት።

ሰፍያ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። በአገሩ ማንም ሰው ዝም ብሎ መጥቶ እንዲህ አይጠይቅም፤ መርዶ ሊያረዳት የመጣ ነው እንጂ። ሳላሀዲን ጠዋት ሰው ጭኖ ወደ ቡኢ መንገድ ወጥቷል። «ምን ሰሙ? ሳላሀዲን ነው? በአላህ ይንገሩኝ!» ብላ ስልኳን አንስታ መደወል ጀመረች።

ወይዘሮ የሺመቤት ግን እያሾፈችባቸው መሰላቸው። «እኔ ላይ ታላግጫለሽ? እነዚህ ሦስቱ ማንን ነው የሚያለቅሱት?»

«እነዚህ? አሻንጉሊቶች ናቸው እኮ።»

«ነጠላ አዘቅዝቀሽ አልብሰሻቸዋል! ይህ የለቅሶ ነው። በጥምቀታችን ሙሾ ልታስወርጂን ነው?»

ሰፍያ ወደ አሻንጉሊቶቹ ዞራ አየች፤ ደግሞ ወደ ወይዘሮ የሺመቤት ነጠላ አየች። ጥለቱ ታች ነው። በሱቁ በር የሚያልፉትን ሴቶች አየች፤ የሁሉም ታች ነው። «አላወቅኩም» አለች። «ወላሂ አላወቅኩም።»

«ነጠላ የማያውቅ ሰው ነጠላ ምን ሊሸጥ ገባ? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!» ብለው ሄዱ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን በአጠገቧ ባለው የሞባይል ሱቅ የምትሠራው ሳምሪ የሦስቱን አሻንጉሊቶች ፎቶ አንስታ ፌስቡክ ላይ ለቃዋለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ወጣት ናት፣ ተቆርቋሪ ናት፣ ስልኳ ደግሞ አዲስ ነው። «ባህላችን የማያውቁት ሰዎች ሸቀጥ ሲሆን እስከ መቼ ዝም እንላለን?» ብላ ጻፈችበት። ቡታጅራን በካርታ ላይ ፈልጎ የማያገኝ ሁሉ ተቀባበለው። አንዱ «ከዚህች ሱቅ አትግዙ» አለ። ሌላው «ሙሾ አውራጅዋ ነጋዴ» አላት። ሦስተኛው ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ከአዳማ ሆኖ አረጋገጠ። የሰፈሯ ልጆች ደግሞ ለሷ ጥብቅና ቆመው ስድቡን በእጥፍ ይመልሱ ጀመር፤ ይኼኛው ከመጀመሪያው በላይ አስፈራት። አንድ ነጠላ ተዘቅዝቆ በአንድ ላይ የኖረ ሰው ሊናከስ ነው።

ቀሚስ የገዙ ሴቶች መመለስ ያዙ። አንዳንዶቹ ባህላችን ተነካ ብለው፣ የሚበዙት ግን ሟርት ፈርተው። በዚሁ በጥር ልታገባ የነበረች ልጅ ከእናቷ ጋር መጣችና ቀሚሱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ «ይቅርታ ሰፊ፣ እናቴ እንቅልፍ አጣች» አለቻት። ሰፍያ ለሁሉም «ልክ ነሽ፣ ይቅር በይኝ፣ አውፍ በይኝ» እያለች ተቀበለች። ነጠላዎቹን ከአሻንጉሊቶቹ ላይ አውልቃ አጣጥፋ መደርደሪያው ላይ አኖረቻቸው። የት እንደሚያዝ እንኳ ማወቋን ተጠራጠረች።

ማታ ቤት ሳላሀዲን ስልኩን እያየ ጥርሱን ያፋጫል። ልመልስላቸው ሲል ከለከለችው።

«እሺ» አለና ስልኩን አስቀመጠ። «ግን ለመሆኑ ነጠላ እንዲህ ነው የሚለበሰው ያለሽ ማን ነው?»

ሰፍያ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ስሙ ምላሷ ላይ ነበር። እዚያው ላይ ቀረ። የእትዬ ብርቄ ስም ነበር።

እትዬ ብርቄ የእናት አባቷ ጎረቤት ናቸው፤ አጥራቸው አንድ ነው። ከደብረ ታቦር ከባላቸው ከመምህር አስረስ ጋር ተዛውረው የመጡ፣ ልጅ ያልወለዱ። ሰፍያ ትንሽ ሆና እናቷ ገበያ ስትውል የምትቀመጠው እሳቸው ቤት ነበር። ሥጋ ነክቶት የማያውቅ፣ ለሷ ብቻ የተለየ ሳህን ነበራት፤ «የእስላም ልጅ አደራ ናት» ይሉ ነበር እትዬ ብርቄ፣ ሳህኑንም ለብቻው አጥበው ለብቻው ይሰቅሉታል። ፊደል ያስቆጠሯት መምህር አስረስ ናቸው። እሳቸው ሲሞቱ ሰፍያ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ትዝ የሚላት ብዙ ሰውና ብዙ ዝምታ ነው። ከዚያ በኋላ እትዬ ብርቄ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲሉ «ነይ ሰፊ፣ ጫፉን ያዥልኝ» ይሏታል፤ እሷ ጫፉን ትይዛለች፤ እሳቸው ጥለቱን ወደ ላይ አውጥተው አንገታቸው ላይ ያዞሩታል። ጠዋት ጠዋት፣ ዓመት ከዓመት።

በሰፍያ ቤት ባል የሞተባት ሴት ኢዳ ትቀመጣለች፤ አራት ወር ከዐሥር ቀን። ቀኑ ሲሞላ ገላዋን ታጥባ ትወጣለች፤ ሐዘኑ ልቧ ውስጥ ቢቀርም ልብሷ ላይ አይቀርም። ሰፍያም የእትዬ ብርቄ ሐዘን ድሮ ያለቀ መስሏት ነው የኖረችው። አሁን ገባት። ስትይዘው የኖረችው የሐዘን ጫፍ ነው። እሳቸው አንድም ቀን ከለቅሶ ወጥተው አያውቁም፣ እሷም አንድም ቀን አላየችም።

የዚያን ጊዜ ሱቁንም ጥምቀቱንም ረሳቻቸው። ከተማው ቢያኮርፋት ታባብለዋለች፤ ነጋዴ ናት፣ ለምዳዋለች። እትዬ ብርቄ ግን «ያሳደግኳት ልጅ ሐዘኔን አሻንጉሊት አልብሳ አስፋልት ላይ አቆመችው» ብለው ካዘኑባት የት ትገባለች? እናቷ ከሞተች ወዲህ «ልጄ» የሚላት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሁለት ቀን ፈራች። በሦስተኛው ቀን ሱቁን ዘግታ ሄደች።

እትዬ ብርቄ ደጃፍ ላይ ጅባ አንጥፈው ምስር ይለቅማሉ። የጉልበት ሕመም ከያዛቸው ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይሄዱም። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው፤ ጥለቱም አንገታቸው ላይ። ሰፍያ እንደ አዲስ አየችው።

«ውይ ሰፊ! እግርሽ ጠፋ፤ ባልሽ አሰረሽ እንዴ? ነይ ተቀመጪ። ሳህንሽ እዚያው ነው፤ ሽሮ አለ።»

«እትዬ፣ አላፌዝኩብዎትም» አለች ሰፍያ፤ ሰላምታ ሳትሰጥ፣ ቆማ።

«ማን ላይ?»

እትዬ ብርቄ አልሰሙም ነበር። ፌስቡክ የሳቸውን አጥር አይዘልም። ሰፍያ መሬቱ ላይ ቁጭ አለችና እያለቀሰች ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው፤ አሻንጉሊቶቹን፣ የወይዘሮ የሺመቤትን ጥያቄ፣ ስለ ሳላሀዲን የደነገጠችውን፣ የተመለሱትን ቀሚሶች። «እርስዎ ሲለብሱ ያየሁትን ነው ያለበስኳቸው። ከርስዎ በላይ የሚያምርበት ሰው አላውቅም። ሐዘን መሆኑን አላወቅኩም» አለች።

እትዬ ብርቄ ምስሩን ወደ ጎን አደረጉት። እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰድደው ጥለቱን ዳሰሱት፤ ረስተውት የኖሩትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው።

«ሦስቱንም አለበስሻቸው?»

«ሦስቱንም።»

«ደርድረሽ?»

«በር ላይ።»

እትዬ ብርቄ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ አልሆነላቸውም፤ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «የሺመቤት መጥታ ማን ሞተብሽ አለችሽ!» ብለው እንደገና ሳቁ። ሰፍያም እያለቀሰች ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ ሰፍያ እንባዋን ጠረገች።

«እትዬ፣ እኛ ጋ አራት ወር ከዐሥር ቀን ነው» አለች ሰፍያ። «ከዚያ ሴት ሐዘን አትቀመጥም።»

«ማን ያስወጣታል?»

«ቀኑ።»

«እኛን ቀን አያስወጣንም፤ ሰው ነው የሚያስወጣን» አሉ እትዬ ብርቄ። «ሐዘንተኛ በራሷ እጅ አታወልቅም፤ ነውር ነው፣ ጥጋብ ነው የሚመስለው። ዘመድ ይመጣል፣ ይለምናታል፣ ይቆጣታል፣ ያስወልቃታል። ወንድሜ በኃይሉ ለቀብሩ መጥቶ ነበር። ለሙት ዓመቱ መጥቼ እኔው አስወልቅሻለሁ ብሎኝ ሄደ። ወታደር ነበር። ዓመቱ ሳይሞላ የባድመ ጦርነት ተነሳ። መርዶም አልመጣም፣ እሱም አልመጣ። ጥቁሩ ቀሚስ በራሱ ጊዜ በላዬ ላይ አለቀ፤ ነጠላውን ግን ጠበቅኩት። አወልቄው ብገኝ በኃይሉን ቀበርኩት ማለት መሰለኝ።»

«የከተማው ሰውስ? ማኅበርተኞችዎ?»

«መጀመሪያ ዘመድ እስኪመጣ ብለው ተዉኝ። ኋላ ለመዱኝ።» ምስሩን መልሰው ሳቡትና አንድ ድንጋይ ለቅመው ጣሉ። «ሰው የለመደውን አያይም፣ ልጄ። ይሄ አንቺን ብቻ የሚያስወቅስ አይደለም።»

ከዚያ ድንገት ተነሱ። ጉልበታቸው ቋ አለ። «ባልሽን ጥሪው። አሻንጉሊቶቹን ማየት እፈልጋለሁ።»

ሳላሀዲን ባጃጁን ይዞ መጣ፤ እትዬ ብርቄ ከኋላ ተቀምጠው አንድ እጃቸው የሰፍያን ጉልበት፣ ሌላው ብረቱን ጨብጧል። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር «ቀስ በል አንተ፣ አሮጊት ነው የጫንከው፣ በርበሬ አይደለም» ይሉታል። ሳላሀዲንም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፍቶት «እሺ እናቴ» ብቻ ይላል።

ሱቁ በር ላይ ወይዘሮ የሺመቤት ቆመዋል፤ ቀደም ብለው ከሰፍያ የገዙትን ቀሚስ በብብታቸው ይዘዋል፣ ለመመለስ። ሁለት የማኅበራቸው ሴቶች ከጎናቸው አሉ። ሳምሪም ከሞባይሉ ሱቅ ብቅ ብላለች። እትዬ ብርቄ ከባጃጅ ሲወርዱ ሴቶቹ ደንግጠው ደገፏቸው።

«ክፈቺ» አሉ እትዬ ብርቄ። ሰፍያ ከፈተች። «በይ አንዷን እንደነበረች አድርጊያት።»

«እትዬ፣ አይሆንም።»

«አድርጊያት አልኩሽ።»

ሰፍያ ነጠላውን ከመደርደሪያ አወረደች። ጥለቱን ወደ ላይ አደረገች፤ በአሻንጉሊቷ አንገት ላይ አዞረች። ወይዘሮ የሺመቤት «ኧረ በማርያም!» አሉ፤ እትዬ ብርቄ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው። ወደ አሻንጉሊቷ ተጠግተው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ፊት የሌላትን ሴት ብዙ አዩዋት።

«እኔ ነኝ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «በትክክል አድርጋ ነው ያለበሰቻት። እጥፋቱ ሳይቀር የኔ ነው። እኔን አይታ ነው።»

ሴቶቹ ወደ እትዬ ብርቄ ዞሩ። ያን ጊዜ ነው አንገታቸው ላይ ያለውን ጥለት ያዩት፤ በየእሑዱ ቅዳሴ፣ በየማኅበሩ፣ በየእድሩ አጠገባቸው ሲቀመጥ የኖረውን።

«የሺዬ» አሉ እትዬ ብርቄ፤ ቁጣ አልነበረበትም ድምፃቸው። «አሻንጉሊቷ ሦስት ቀን ብትዘቀዝቅ አገር ተጠራርቶ ማን ሞተብሽ አላት። እኔን ግን ይኼን ሁሉ ዓመት ማንም አልጠየቀኝ።»

ወይዘሮ የሺመቤት ቀሚሱን ከብብታቸው ለቀቁት። ሳምሪ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ያን ዕለት ፎቶውን እንዳጠፋችው ኋላ ተሰምቷል፤ የተባዛው ግን ተባዝቶ ነበርና እስከ ዛሬ አንዳንዴ ብቅ ይላል። ወይዘሮ የሺመቤት እዚያው በቆሙበት ዓይናቸው እንባ ሞልቶ እጃቸውን ወደ እትዬ ብርቄ ትከሻ ዘረጉ። «ይቅር በዪኝ ብርቄ። ነይ እኔ ላስወልቅሽ። በቃሽ።»

እትዬ ብርቄ እጃቸውን ይዘው ሳሙላቸው፤ ከትከሻቸው ግን አወረዱት።

«ይቺ ታስወልቀኝ» አሉ።

ሰፍያ ወደ ኋላዋ ዞራ ሌላ ሰው ፈለገች። «እኔ? እኔ እኮ ሃይማኖቴም አይደለም፣ ዘመድም አይደለሁ። ምኑን አውቄ ነው? ደግሞ ነገር ላበላሽ ነው?»

«ዘመድ ማለት የሚመጣው ነው። ጫፉን ስትይዢልኝ የኖርሽ አንቺ ነሽ፤ ሲለበስ እንደያዝሽ ሲወልቅም ያዢው። በኃይሉ ቢመጣ ማን አስወለቀሽ ቢለኝ ልጄ እለዋለሁ፤ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም።»

ሰፍያ ተጠጋች። ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ እትዬ ብርቄ፤ ልጅ ሆና እንደምታውቀው። ነጠላውን ከአንገታቸው ላይ ፈታችው። አንዴ ሾለከባትና ወይዘሮ የሺመቤት ከታች ያዙላት። «እንዲህ፣ ገልብጪው» አሏት በሹክሹክታ፤ የዚያን ዕለቱ ቁጣ የት እንደገባ እንጃ። «ጥለቱን ልቀቂው፤ እሱ ራሱ ይወርዳል።» ሰፍያ ለቀቀችው። ጥለቱ ወርዶ የእትዬ ብርቄ ጉልበት ላይ ተዘረጋ፤ አረንጓዴና ቢጫ ነበር፣ አንገት ላይ ታጥፎ ስለኖረ እጥፋቱ ውስጥ ያለው ቀለም አልለቀቀም።

እትዬ ብርቄ ደንበኞች ወደሚያዩበት መስተዋት ሄዱ። አንገታቸው ባዶ ሆኖ ሲያዩት መጀመሪያ በእጃቸው ሸፈኑት። ቀስ ብለው ደግሞ እጃቸውን አወረዱ።

«አስረስ የሚያውቃት ብርቄ ይቺ ናት» አሉ።

ሰፍያ ከኋላቸው ቆማ በመስተዋቱ ውስጥ አየቻቸው። እንዲህ ያለ ጊዜ ክርስቲያኖች የሚሉት ምርቃት እንዳለ ጠረጠረች፤ ግን አታውቀውም፤ ባታውቀውም ዛሬ አላፈረችም። የምታውቀውን አለች።

«ማሻአላህ፣ እትዬ።»

እትዬ ብርቄም «አሜን» አሉ።